የልጄ በረዶ ይሄዳል

ጎረቤቴ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እዚህ ባሕር ማዶ ልጄ የሚያጠናውን በረዶ አየሁት፤ ተራራ ያህላል። እኛ ጋ በረዶ ጣራ ደብድቦ ወዲያው ይቀልጣል፤ ይኼኛው ግን ይሄዳል! ልጄ አምና በረዶው ላይ ቀጥ አድርጎ የተከለው የእንጨት ረድፍ ዘንድሮ መሃሉ ወደ ታች ጎብጧል። «ማን ገፋው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የራሱ ክብደት ነዋ፣ እማዬ! ከሥሩም ውሃ ያንሸራትተዋል። ዳርና ዳሩን ድንጋዩ ስለሚይዘው መሃሉ ይቀድማል» አለኝ። ወዲያው ከውስጡ ጓ! ሲል ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «ሲሄድ ይሰነጠቃል፣ አትፍሪ» ብሎ ይስቃል! ስንጥቁ እኮ ሰው ይውጣል። ነገ እንጨቶቹ ምን ያህል እንደሄዱ ሊለካ ብቻውን ይወጣል። አብሬህ ካልወጣሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩት። መስኮት ላይ ተገትሬ መንገድ መንገዱን ከማይ፣ እዚያው አጠገቡ ብንቀጠቀጥ ይሻለኛል። ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፤ ለባልሽ ሰላም በዪልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ስትጸልዪ እሱን አስቀድሚ፤ እኔን ከኋላ ታነሺኛለሽ።