ከቲሳሃላሽ መንደር ወንዝ ዳር ስለተነቀለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ

ለአካባቢው የውሃ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2011
አመልካች፦ ወይዘሮ ጊዘላ ባርኮቺ፣ የቲሳሃላሽ መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ «ዓሣውን አትብሉ» የሚለው ሰሌዳችን ተመልሶ እንዲተከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የዓሣ አጥማጁ የአምብሩሽ ባርኮቺ ባለቤት ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ከላይ ያለው የማዕድን ማውጫ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ወንዛችን ቲሳ ግራጫ ሆኖ ወረደ። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡ ሰዎች አዳራሽ ሰብስበውን «ውሃው ጠርቷል፤ ዓሣችሁን ያለ ሥጋት ብሉ» አሉን። የመንግሥት ቃል ነው ብለን በላን። የዚያኑ ዕለት በቀይ በርበሬ የሠራነውን የዓሣ ሾርባ ብናቀርብላቸው ግን አንደኛው «ጾም ላይ ነኝ» አሉ። የምን ጾም እንደሆነ ቄሳችንም አላወቁም። ሌላኛው መኪናቸው ውስጥ ገብተው የቋጠሩትን ዳቦና ቋሊማ በሉ።

2. ልጄ ኤሜሼ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። አባቷ ትልቁን አምባዛ ዓሣ ለእሷ እየለየ «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ለሁለት እኮ ነው የምትበዪው» ይላት ነበር። የወለደቻት ቦርካ ዛሬ አራት ዓመት አልፏታል፤ አፏን አልፈታችም፣ ማንኪያም አይጸናላትም። የአምብሩሽም እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መረብ መጠገን ትቷል። የከተማው ሐኪም ደማቸውን አስመርምረው ሜርኩሪ እንደተገኘበት ነገሩን። ትልቁ ዓሣ ትንሹን እየበላ መርዙን በሥጋው ያጠራቅማል፤ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይለቅም አሉን።

3. አቤት ልል ወደ እናንተ ስመጣ በከተማው መዝናኛ ዳርቻ «ዓሣ ማጥመድና መብላት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አየሁ። ወንዙ ያው የእኛው ወንዝ ነው። የሰሌዳው ቀለም በፀሐይ ብዛት ለቅቋል፤ የትናንት አይደለም። ጸሐፊዎን «ለእኛስ?» ብላት፣ «እማማ፣ እዚያ እኮ እንግዳ ይመጣል» አለችኝ።

4. አምብሩሽ ይህን ስነግረው ወደ ጀልባው ሄደ። ከጀልባው ሳንቃ ነቅሎ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ጽፎ ተከለ። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ይነበባል ግን። በሳምንቱ የጥበቃ ሠራተኛዎ «ያለ ፈቃድ የተተከለ ነው፤ ሕዝብ ያስደነግጣል» ብሎ ነቀለው። ባለቤቴም «እንዲደነግጥ እኮ ነው የጻፍኩት፣ ጌታዬ» አለው።

ስለሆነም ሰሌዳው እንዲመለስልን ወይም የራሳችሁ እንዲተከልልን፣ የዓሣው ምርመራ ውጤት በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ የመንደሩ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደም እንዲመረመር እጠይቃለሁ። ለቦርካ ብዬ የምለምነው የለም፤ የእሷ ጊዜ አልፏል።

ይህን የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ ኢልካ ነው። ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ትናንት አምባዛ ተሸክሞ ሲገባ በመስኮት አየሁና ሮጬ ሄጄ ከእሳት ላይ ድስቱን አወረድኩት። «አበድሽ እንዴ ጊዚ!» ብላ ጮኸችብኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ የመንደሩን ድስት ሁሉ ሮጬ አልደርስበትም።

መልስዎን ከሚጠብቅ ሰው ሰላምታ ጋር፣

ጊዘላ ባርኮቺ
(ፊርማ)