ታፔላው ላይ ያለው ቃል

ሸምሱዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነን። ዱዓ ሳላደርግልህ የዋልኩበት ቀን የለም። እውነቱን ግን ልንገርህ፤ ከዘጠኙ ወር ሁለቱን ዱዓ ያደረግኩልህ ጥርሴን ነክሼ ነው። ጠርጥሬህ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ትልቋ ልጃችን ሐናን በቁመት አልፋኛለች፤ ትንሹም ያንተን ጫማ አጥልቆ በረንዳው ላይ ይንጎማለላል። የልብስ ስፌት ዕቃ ሱቁም ክፍት ነው፤ ዚፑም ቁልፉም ላስቲኩም እንደ ድሮው በካርቶን ይገባል። በሩ ላይ ያሰቀልከው ታፔላ ብቻ ዐይኔን ይወጋኝ ጀመር። ስሙ አይደለም የሚወጋኝ፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ነው። ስንት ዓመት ከሥሩ ስገባ ስወጣ አንድ ቀን ቆም ብዬ አንብቤው አላውቅም።

እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከቀልድህ ነው። ልጁን ያዝልኝ ስልህ፣ ሽንኩርት ክተፍልኝ ስልህ፣ «እኔ ኃላፊነቴ የተወሰነ ነው» ትልና ትስቃለህ። እየሳቅክም ልጁን ትቀበለኛለህ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩህም፤ አንተም አላስረዳኸኝም። በዚህ ዛሬም አኩርፌሃለሁ።

አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጬ የሐዘን ኢዳዬን እንደጨረስኩ ወንድምህ ነስሩ መጣ። በማኅበሩ ውስጥ ያለህ ድርሻ ለእኛ እንዴት እንደሚሆን ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋና «እትዬ ዘይነባ፣ ማኅበሩ እኮ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው። በእኔና በእሱ የተወሰነ ነው፤ ሚስትና ልጅ ጋ አይደርስም» አለኝ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ታፔላውን አየሁት። ቃሉ እውነትም ተጽፏል። እንግዲያው ያ ሁሉ ቀልድ ቀልድ አልነበረም፣ በገዛ ፊርማው ከደጅ አስቀርቶናል አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶህን ቀና ብዬ አላየሁም።

ከዚያ ነስሩ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጅ ከሸምሱ ወደ እኔ መቀየሪያ ናት፣ እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ አለ። ታውቀዋለህ፣ ነስሩ ባዶ እጁን ገብቶ ጠግቦ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ቀን ሙዝ ገዝቶ መጣ። እስክሪብቶውንም ገና ከበር ከፍቶ ነው የገባው። መነጽሬ ተሰብሯል፣ ወረቀቱን ተወውና ሂድ አልኩት። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት የምታኖርበትን የዚፕ ካርቶንህን አወረድኩና ማኅበሩ የተቋቋመበትን መመሥረቻ ጽሑፍ አገኘሁት። እሱንም የነስሩንም ወረቀት ይዤ መሳለሚያ ማመልከቻ ከሚጽፉት ከጋሽ ታደሰ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥኩ። ቃል በቃል አስነበብኳቸው። ማኅበርተኛ ማለት ድርሻ ያለው የማኅበሩ ባለቤት ነው አሉኝ። ሥራ አስኪያጅ ሥራውን የሚመራው ነው፤ ይሾማል፣ ይሻራል፤ መምራቱ ብቻ ባለቤት አያደርገውም። ድርሻ ደግሞ ለወራሽ ያልፋል። የፈራሁትን ቃል መጨረሻ ላይ ጠየቅኳቸው። ማኅበሩ ቢከስር ባለዕዳነቱ እዚያው ማኅበሩ ውስጥ ይቀራል፣ ቤትዎ መጥቶ አልጋዎን የሚጭን የለም አሉኝ። ታዲያ ለማን ብሎ ነው የወሰነው ብላቸው ሳቁብኝ፤ «ለእናንተ ነዋ!»

ሸምሱዬ፣ እዚያው መንገድ ዳር አለቀስኩ። አጥር ያጠርክብን መስሎኝ ነበር። ያጠርከው ለእኛ ነው።

እንባዬን ሳልጠርግ ጋሽ ታደሰ የነስሩን ወረቀት አነበቡልኝ። ሥራ አስኪያጅ የሚል ቃል ጭራሽ የለበትም። ለእኔና ለልጆቼ የሚያልፈውን ድርሻ «በስጦታ አስተላልፌያለሁ» ይላል፤ ለነስሩ። ኋላ ነስሩን ስጠይቀው ጸሐፊዋ ተሳስታ ነው አለኝ። የነስሩን ስም እስከ አያቱ ሳትሳሳት የጻፈች ልጅ፣ ስጦታዋ ላይ ስትደርስ ተሳሳተች! ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ሙዙን ግን ማን ተሳስቶ እንደገዛው እስካሁን አልነገረኝም።

የወራሽነት ማስረጃችንን አውጥተን ድርሻህን በእኔና በልጆቹ ስም አዙረናል። ነስሩን አላባረርኩትም፤ ሥራውን ያውቀዋል፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ይዟል። ቃለ ጉባኤ በመጣ ቁጥር መነጽሬን አድርጌ፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ነው የምፈርመው። ባለፈው ተሰላችቶ ይህ ሁሉ ንባብ ለምን ያስፈልጋል ቢለኝ፣ «ነስሩ፣ ያንተ ኃላፊነት የተወሰነ ነው» አልኩት። እንዳንተ ልስቅ ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩበትም።

ስለጠረጠርኩህ አውፍ በለኝ። ፎቶህን ከሳሎኑ ግድግዳ አውርጄ ሱቁ ውስጥ፣ ከነስሩ ወንበር ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። አንተን አልረሳህም። ያችን የስጦታ ወረቀትም አልቀደድኳትም፤ ዚፕ ካርቶንህ ውስጥ አለች።

ዘይነባህ