ከቤቴ ተመልሶ ስለሄደው ዓሣ

ለተከበሩ የአመጋገብ ትምህርት ኃላፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎም ቤተሰብዎም በጤና እንድትሰነብቱ፣ የምትበሉትም እንዲስማማችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሱዓድ እባላለሁ፤ መንደራ ቆጪ ሰፈር የምኖር፣ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀምኩ ሦስት ልጆች ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነኝ። ክረምት ላይ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ በቀን መቶ ብር ካገኘሁ አልሃምዱሊላህ እላለሁ። «በመቶ ብር ቤተሰብን በደንብ መመገብ» ብለው በሐምሌ ያስተማሩንን ትምህርት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ የተከታተልኩትም ለዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ልጅ በየቀኑ እንቁላልና ወተት፣ በሳምንት ሁለቴ ደግሞ ዓሣ ማግኘት እንዳለበት ያወቅኩት ከእርስዎ ነው፤ እስከዚያ ቀን የበቆሎ ቂጣ በጎመን ሳበላ የኖርኩት ባለማወቅ ኖሯል። በማግስቱ መቶ ብሬን ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ አራት እንቁላልና ጥቂት ካሮት ገዝቼ ባዶ እጄን ቀረሁ። ቁርሱ እንዳስተማሩን ሆነ። ስለ ምሳና ራት ግን ያስተማሩንን አላስታውስም።

ሁለተኛ፣ ቤቴን «አርአያ ቤተሰብ» ብለው ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ። ፎቶ ሊያነሱን የመጡት ባልደረቦችዎ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሙዙንና አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ በዘንቢል ይዘው መጥተው፣ ከጎረቤቴ ከትንቢት በተዋስነው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩት። እኔም ደስ ብሎኝ ልጆቼን አጥቤ የዒድ ልብሳቸውን አለበስኳቸው። የስድስት ዓመቷ ሳቢሪን ሙዝ ልትልጥ ስትል ፎቶ አንሺው «ማሎ፣ እባክሽ የኔ ቆንጆ፣ መያዝ ብቻ ነው» አላት። ያዘች፤ ሳቀችም። ፎቶው እንዳለቀ ግን ምግቡ ሁሉ ተመልሶ ዘንቢሉ ውስጥ ገባ፤ ለካ ሌላ አርአያ ቤተሰብ ይጠብቀው ነበር። ሳቢሪን በሩ ላይ ቆማ «ኡሚ፣ የኛን ይዘውብን ሄዱ እኮ!» አለችኝ። እኔም የዒድ ልብሷን አወልቅላት ጀመር።

ሦስተኛ፣ ፎቶው መሥሪያ ቤትዎ በር ላይ በትልቁ ከተለጠፈ በኋላ በቅናሽ ዘይት ከሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜ ተሰረዘ። ልጠይቅ ብመጣ ጸሐፊዎ ፎቶውን እያሳየችኝ፣

«እርስዎ እኮ ተለውጠዋል፤ ይኸው ዓሣ እየበሉ!» አለችኝ።

«ዓሣውን ወስደውታል፣ ልጄ።»

«ፎቶው ላይ ግን አለ።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስቴም ከእኔ ይልቅ ፎቶው ታመነ። አሁን ጎመኑን በጨው ብቻ እቀቅላለሁ፤ ትንቢት የራሷ ስድስት ነፍስ እያለባት አልፎ አልፎ በሲኒ ዘይት ትሰጠኛለች፣ እኔም እያፈርኩ እቀበላለሁ። ለማን አቤት እንደምል አላውቅም፤ አቤቱታ የሚቀበሉት እርስዎ እንደሆኑ ተነግሮኛል። ስለዚህ ወይ ስሜን እንዲመልሱልኝ፣ ወይ ፎቶውን እንዲያወርዱልኝ፣ ሁለቱም ካስቸገረዎ ደግሞ ደብዳቤው መድረሱን ብቻ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ጤናችን ሲሉ ለሚደክሙት ለእርስዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ የምትመኝ፣

ሱዓድ አብዱልሃዲ
ጅማ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ከሌላ ከተማ የሚመጡ እንግዶች ተሞክሮ ሊቀስሙ ቤቴ እንደሚገቡ ሰምቻለሁ። በሬ ክፍት ነው፤ እባክዎ ምሳቸውን በልተው ይምጡ።