ለከሰረ ሰው ቁልፍ ለማይሰጡት ክቡር አስተዳዳሪ

ለክቡር አቶ ማችየይ ግሩሽካ
የሕንጻው ባለቤትና ዋና አስተዳዳሪ
ሉብሊን

ክቡርነትዎ በመልካም ጤንነትና በሞቀ ቢሮ ውስጥ እንደሚገኙ ጽኑ እምነቴ ነው። እኔ በሕንጻዎ ምድር ወለል ያለውን ቤት ለመከራየት አመልክቼ፣ ፍርድ ቤት ክስረቴን ስላወጀ በሦስት መስመር ደብዳቤ የተሰናበትኩት የሴራሚክ አንጣፊ ሌሼክ ድሩዝጋላ ነኝ። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ፤ የሥራዬን ዋጋ ስጠይቅዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡኝም ነበርና።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1ኛ/ ባለቤቴ ሃሊና ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ የምንኖረው ወንድሟ ዘንድ፣ አሳንሰር በሌለው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ መንገድ አልረገጠችም ነበር። ቤትዎን የለመንኩት ለዚህ ነው።

2ኛ/ ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ ለከሰረ ሰው ቁልፍ እንዳንሰጥ ታዘናል፤ እኔን አይቆጡኝ» ስትለኝ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «ማን እንዳከሰረኝስ አትጠይቂም?» አልኳት። ቀና ብላ «ማን ነው?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍዎን አሳየኋት። በጣም አምሮብዎታል።

3ኛ/ የሕንጻዎን መታጠቢያ ቤቶች በሙሉ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ክፍያዬን «በሚቀጥለው ወር» እያሉ ሲገፉት፣ እኔ የሠራተኞቼን ደሞዝ ለመክፈል ተበደርኩ፤ ድርጅቴም ተዘጋ። ስለዚህ በደብዳቤዎ «በገንዘብ የማይታመን» ብለው ሲጽፉልኝ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰው ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ስለ እኛ አሳብ እንዳይገባዎት። ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ጄኖቬፋ የተባሉ ጡረተኛ መምህርት በግቢያቸው ያለውን ቤት አከራዩን። የፍርድ ቤቱን ወረቀት አውጥቼ ሳሳያቸው «አጣጥፈህ ኪስህ ክተተው ልጄ፤ ይልቅ ሚስትህ ድመት ትወዳለች?» አሉኝ። እሑድ ዕለት ሃሊና ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ወጣችና ዳቦ ገዝታ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ሳይከፈለኝ ላገለገልኩዎት ዘመን ካለኝ የማይደበዝዝ ትዝታ ጋር፣

አክባሪዎ
ሌሼክ ድሩዝጋላ
የቀድሞ ባለ ድርጅት፣ የአሁን ተከራይ

ማሳሰቢያ፦ ለከተማው ምክር ቤት ሊወዳደሩ መሆንዎን ከጋዜጣ አነበብኩ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የምረጡኝ ወረቀትዎን በራችን ላይ የሚለጥፍ ሰው ከላኩ፣ ወይዘሮ ጄኖቬፋ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለጣፊው ተከፍሎታል ወይ?