የአዛዡ አፍንጫ

ሰኞ፣ መጋቢት 4
ዝናብ። የአዛዡን ሥዕል አቧራ ስጠርግ ከእጄ አመለጠኝ። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ዛሬ ደግሞ ይሄ ነበር የቀረኝ...

አባባ መጀመሪያ ያየው የአዛዡን አፍንጫ ነው። «ደህና ነው» አለና ወጣ። አዛዥ ደ ትሮሜሌክ፣ የንጉሡ መርከብ አለቃ፣ ቅድመ አያታችን። አፍንጫውን የወረሰው ወንድሜ ቱግዱዋል ነው። ስለዚህ በቤታችን ልማድ የአባባ ጀልባም የእሱ ናት። ለፋሲካ አባባ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ይሰጠዋል። ከወደብ ሳይወጣ ለሚያስመልሰው ለቱግዱዋል! የሸርጣን ወጥመድ ስጎትት የምውለው እኔ ነኝ። ግን የእናቴን አፍንጫ ይዤ ተወለድኩ፤ ምን ይደረግ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 7
ሥዕሉን ይዤ ብሬስት ከተማ ሄድኩ፣ ማዳም ሮዜን ዘንድ። የድሮ የሕትመት ሥዕል ታድሳለች። መብራት በጎን አበራችበትና ጎንበስ ብላ አየችው። ከስሙ ሥር ሌላ ስም አለ... ተፍቆ በደንብ ያልጠፋ። ሥዕሉ ተቀርጾ የሚታተምበት የመዳብ ሰሌዳ ውድ ስለነበር ያኔ እንዲህ ያደርጉ ነበር አለችኝ። የድሮውን ስም ፍቀው አዲስ ይቀርጹበታል፣ ከሰውየው ኋላ ባለው መስኮት መርከብ ጣል ያደርጉበታል። ፊቱ ያው ነው።

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?»

«የሊዮን ከተማ ጥርስ ነቃይ ነው፣ ልጄ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁላችንም «ምነው አጠረ» የምንለው በእጁ የያዘው የርቀት መነጽር... ለካ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ነበር!

አውቶቡስ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ለጀልባ ብዬ የአባቴን ልብ ልሰብር?

እሑድ፣ መጋቢት 10
አልነገርኩትም። ሥዕሉ አልጋዬ ሥር ነው። አባባ ሲጠይቀኝ መስታወቱ አልደረሰም አልኩ። ወደብ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወረድኩ። መቀመጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12
ለቱግዱዋል ነገርኩት። ይስቃል ስል አለቀሰ። ሬን ከተማ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቶ ለአባባ መናገር ፈርቶ ኖሯል። «አንቺ ንገሪው» አለኝ። ፈሪ። እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 13
እራት ላይ ነገርኩት። ቱግዱዋልም የዳቦ ቤቱን ነገር አወጣው። ሾርባው ቀዘቀዘ። አባባ ሥዕሉን መብራቱ ሥር ወስዶ በጎን አየው፣ አየው... ጠረጴዛው ላይ ትቶት ገብቶ ተኛ። ምነው በተቆጣኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16
ዛሬ ማለዳ በሬን አንኳኳ። ባሕሩ እየሞላ ነው፣ ጀልባ የምናወጣበት ሰዓት ደርሷል፣ ተነሺ አለኝ።

ወደቡ ላይ ቆመና «እጅሽን አሳዪኝ» አለ። ገመድ የላጠውን መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ስንት ዘመን አፍንጫ ሳይ ኖርኩ!» አለ። የጀልባዋን ቁልፍ እዚያው መዳፌ ላይ አኖረው። እንባዬ መጣ፣ ንፋሱ ነው አልኩ።

ሥዕሉ ቦታው ተመልሶ ተሰቅሏል። ቱግዱዋል አባባን ለምን አይወርድም ቢለው፣ «ተወው፣ ጥርሴን ሰሞኑን ያመኛል» አለው አሉ።

ቱግዱዋል መሪ ሲይዝ አባባ ዓይኑን ከእሱ ላይ አይነቅልም ነበር። ዛሬ መሪውን እኔ ይዤ ከወደቡ እንደወጣን ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጥመዶቹ ላይ ጋደም አለ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋቱን ሰማሁ።