ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕና የእትዬ ረይሀና በረንዳ

ለክቡር አቶ ደምመላሽ፣
የአሮጌ ቤቶች ልኬትና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት ምቹ ወንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ መብራት በሄደ ቁጥር ለእርስዎ ፎቅ ብቻ ለሚነሣው ጄኔሬተርም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በዚሁ በቸርችል ጎዳና ራስጌ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት የምሠራው ለኪዎ ሉልሰገድ ዘገዬ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነው ሌላ ነው።

የሚያስቡበት ጉዳይ ብዙ ስለሆነ ነገሩን ላስታውስዎ። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ እትዬ ረይሀና ተወልደው ያረጁበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። አባታቸው ከወሎ መጥተው፣ በገዛ እጃቸው ፈልፍለው የሠሩት የእንጨት በረንዳ ነበረው። ቤቱ ለመንገድ እንዲነሣ ሲወሰን ጽሕፈት ቤታችን ለእትዬ ረይሀና ቃል ገባ፤ በረንዳው ተለክቶ ሙሉ ምስሉ በኮምፒውተር ከተጠናቀቀ፣ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ተጽፎበት ይፈታና በሌላ ቦታ እንደገና ይተከላል፤ ካልተጠናቀቀ ግን ከቤቱ ጋር ይፈርሳል። ለዚሁ ሥራም ለመሐንዲሶች ታስቦ የተሠራ ከባድ ላፕቶፕ ተገዛ። ይዘነው ሄደን በረንዳው ሥር እናስቀምጠውና፣ የመለኪያ ካሜራው ያነሣውን ሁሉ እዚያው ይገጣጥምልን ነበር። እትዬ ረይሀናም የጎረቤት ፍርስራሽ አቧራ እንዳይገባበት ብለው፣ አጠገባችን ተቀምጠው ወደ በረንዳው ቀና እያሉ፣ በኪሮሽ ዳንቴል ሠሩለት። ሥራው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ላፕቶፑ ከነዳንቴሉ ወደ እርስዎ ቢሮ ተጠራ።

አንደኛ፣ ስለዚህ ጥሪ ከልብ አመሰግናለሁ። ላፕቶፕ ለኃላፊ፣ ዴስክቶፕ ለባለሙያ የሚለው የመሥሪያ ቤቶቻችን የቆየ ወግ በእርስዎ ዘመን ሳይጓደል መጠበቁ ያኮራል። ዕቃው ለምን ሥራ ተገዛ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የሚጠየቀው ለማን ማዕረግ ይመጥናል ተብሎ ነው። እኔም በምትኩ በገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ዴስክቶፕ ተሰጠኝ፤ ሣጥኑ ትልቅ ስለሆነ ክብር አልጎደለብኝም።

ሁለተኛው የአወዳዳሪ ኮሚቴዎን ጥበብ ይመለከታል። ይህ ማሽን ለሥራው አይሆንም ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ ኮሚቴው ሻይ ቡናውን ጠጥቶ፣ የሁለቱን ማሽኖች አእምሮ፣ ማለትም ፕሮሰሰራቸውን፣ አወዳደረ። የላፕቶፑ ሁለት ነጥብ አራት ጊጋኸርዝ፣ የዴስክቶፑ ሦስት ነጥብ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥም፣ ለኪው የተሻለው ተሰጥቶታል፣ ክቡር ኃላፊው ደግሞ ዝቅተኛውን በመውሰድ ለሠራተኛው አርአያ ሆነዋል ተብሎ በጭብጨባ ተደመደመ። እያነቡ እስክስታ የሚባለው ለካ ይህ ኖሯል፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ኮሚቴው ያላየው ትንሽ ነገር ቢኖር የሚከተለው ነው። ያ የጊጋኸርዝ ቁጥር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው፣ ኮር የሚባለው አንዱ ሠራተኛ የሚራመድበትን ፍጥነት እንጂ ስንት ሠራተኛ እንዳለ አይናገርም። በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ውስጥ ስምንት አሉ፣ በዴስክቶፑ ውስጥ አራት። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ እስከ ፒያሳ ትልቅ ቁም ሣጥን ማውጣት ቢያስፈልግ፣ አራት ፈጣን ተሸካሚ ከመቅጠር ስምንት መቅጠር እንደሚሻል ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ስምንቱ ደግሞ ሥራ ሲጠና ከተጻፈላቸው ፍጥነት በላይ ይሮጣሉ። በዚያ ላይ የላፕቶፑ ሜሞሪ ሰፊ ነው፤ ስሕተት ሲገባበትም ራሱ ፈልጎ ያርማል። ስሕተትን ራስ ፈልጎ ማረም በጽሕፈት ቤታችን እንግዳ ጠባይ ስለሆነ ኮሚቴው ነጥብ ሳይሰጠው ማለፉ አይገርመኝም።

በዴስክቶፑ ቂም የለኝም፤ ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት በእሱው ነው። ለደብዳቤና ለሰንጠረዥ የተሠራ፣ ዐቅሙን የሚያውቅ ምስኪን ዕቃ ነው። የበረንዳውን ምስል ስጭንበት ማራገቢያው እየጮኸ፣ ማሽኑ ባለበት ደርቆ እየቆመ፣ እንደገና እየተነሣ የቻለውን ያህል ታገለ። ከዐቅም በላይ መሾም ሁልጊዜ የተሿሚው ጥፋት እንዳልሆነ ከእሱ ተምሬያለሁ፤ እርስዎንም በዚሁ ዐይን ማየት ጀምሬያለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና የሌለበት ነው። ያ ምስኪን ማሽን ሥራውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ቢሆን በባትሪው ይዘልቅ ነበር፤ ዴስክቶፕ ግን ባትሪ የለውም፣ የእርስዎ ጄኔሬተርም ወደ ምድር ቤት አይወርድም። መብራት ሲመለስ ፋይሉ ተበላሽቶ አልከፈትም አለኝ። የመለኪያ ካሜራውም ለሌላ ቤት ተፈልጎ፣ የያዘው ሁሉ ተጠርጎለት ነበር። ላፕቶፑን አንዴ ይፍቀዱልኝና እንደገና ለክቼ ልጨርስ ብዬ ልለምንዎ ወደ ላይ ወጣሁ። ሥላሴ አካባቢ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ላፕቶፑን አየሁት፤ ተዘግቶ፣ ዳንቴሉን ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ የቆመበት ማስቀመጫ ተሸክሞ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

ቤቱ በተቀጠረለት ዕለት ፈረሰ። እትዬ ረይሀና ከመንገዱ ማዶ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር። ኮምፒውተሩ ጨረሰ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አልጨረሰም አልኳቸው። አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ አሉኝ። በረንዳው ሲወርድ ብዙም አልጮኸም፤ ደረቅ እንጨት ስለሆነ አፍራሾቹ ለማገዶ ተሻሙበት። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት አጽናኟ እሳቸው፣ ተጽናኙ እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ በጣም አዝኛለሁ።

አራተኛ፣ ፍርስራሹ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ፣ ላፕቶፑን ለአጭር ጊዜ በውሰት እንድጠቀም የፈቀዱበት ደብዳቤ ማኅተሙ በደንብ ተረግጦ ደርሶኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ይከለክለኛል። ፈቃድዎን በምስጋና ተቀብዬ፣ የሚለካ ነገር ስለጠፋ በምስጋና መልሻለሁ።

ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ አበባዎ ውኃ አይጠይቅዎ፣ ኮሚቴዎም ከሁለት ሦስት እንደሚበልጥ ሲመሰክርልዎ ይኑር እያልኩ፣ ከምድር ቤት ሽቅብ አንጋጥጬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ
ሉልሰገድ ዘገዬ
የሚለካው ያጣ ለኪ፣ አራዳ

ማሳሰቢያ፦ ላፕቶፑን እርስዎው ያቆዩት። የምንለምንዎ ዳንቴሉን ብቻ ነው። እትዬ ረይሀና በኪሮሽ ሲሠሩት የበረንዳውን ፍልፍል አበባ በአበባ፣ እኛ ስንሄድ ወደ ላይ ወጥተው ከእንጨቱ ላይ እያሳረፉ ልክ በልኩ ነበር የገለበጡት፤ እኔም ያወቅኩት ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሲነግሩኝ ነው። የሲን የሚባለው የወንድማቸው ልጅ አናጢ ነው፤ እንጨት ገዝቶ እየጠበቀ ነው። ከአባታቸው በረንዳ የቀረው ልኬት ዳንቴሉ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ እስክንመጣ ድረስ የአበባ ማስቀመጫውን ያንሡለት።