የአንድ ሰው ወንበር

ለታላቄ፣ ለወንድም ዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትጎነበስ ይይዝሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? መንታዎቹስ አደጉ? ‹‹እኛ ደህና ነን›› ብዬ መቀጠል ልማዴ ነበር፤ ዛሬ ግን ደህና አይደለንም፣ እኔም ደሜ ፈልቷል። በስልክ እንዳልነግርህ እናታችን አጠገቤ ቁጭ ብላ እየቆነጠጠች አላስጨርስ አለችኝ። ስለዚህ ጽፌ ወዳንተ ለሚመጣው ጎረቤታችን ሰጠሁት።

ነገሩ የሞተርህ ነገር ነው። ጥለኸው ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመቱ። ፋብሪካው እንኳ መሥራቱን የተወውን አሮጌ የእሽቅድድም ሞተር እስካሁን በነፍስ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ከርሜ፣ እሁድ ካንዴላውን እጠርጋለሁ፣ ካቴናውን ዘይት እቀባለሁ። ባለፈው የላክኸው የፍሬን ሸራ ኦርጅናል ባይሆንም ልክክ ብሎ ገብቷል፤ መርቄሃለሁ፣ አልክድም። ረጅሙን ወንበር ግን ስፖንጁን ቀይሬ፣ ቆዳውን በስፌት መኪናዬ ሰፍቼ ያደስኩት ለእናታችን ብዬ ነው። የእግሯ ቁስል የሚታጠበው በየሁለት ቀኑ ነው። ሐኪሙ ‹‹ካልረገጠችበት ይድናል›› ካለ ወዲህ ክሊኒክ የምትሄደው ወገቤን ይዛ ከኋላዬ ተቀምጣ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬህ ‹‹እሺ›› ብለሃል።

ታዲያ ምን ብትልክልን ጥሩ ነው? አዲስ የጭስ ማውጫ ማርሚታ፣ ዝቅ ያለ መሪና የአንድ ሰው ወንበር! በሕግ አምላክ! ለእኔ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ዕቃውን ዘይት ሊቀይር ሞተሩን ለወሰደው መካኒክ በቀጥታ ልከህ፣ በስልክ አዝዘህ አስገጠምከው። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ‹‹ያለ ምንም ችግር ይገጥማል›› ይላል። የገጠመው ከእኔ ጋር ነው! የወንበሩ የብሎን ቀዳዳ አልመጣ ብሎት መካኒኩ በሞረድ ሲፍቀው አደረ። መሪው ወገቤን አጉብጦ አገጬን ከነዳጁ መያዣ ጋር ያሳስመዋል። ቀሚስ ለደንበኛ ላደርስ ስሄድ ከማን ጋር ነው የምሽቀዳደመው? ሞተሩ ተነስቶ ማርሚታው ሲጮኽማ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጎረቤት ሁሉ ደረሰልን።

መካኒኩ ሞተሩን የመለሰው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እናታችንን ለመውሰድ ስመጣ ሞተሩ በር ላይ ቆሟል፣ እሷ የለችም። ለባብሳ ወጥታ አይታዋለች። ‹‹ልጄ እንዴት ያለ ቆንጆ ነገር ላከ!›› ብላ መካኒኩን አመስግና፣ መቀመጫ እንደሌላት ስታይ ጫማዋን አጥልቃ በእግሯ ሄደች። በእግሯ! ክሊኒክ ስደርስ ነርሷ በደም የራሰውን ካልሲ እያወለቀች ነበር። ‹‹ልጅ የላትም ወይ?›› ብላ ጮኸችብኝ። ምን ልበላት? ሁለት አላት፣ አንደኛው ወንበር ልኮላታል ልበል? የደረቀው ሁሉ እንደገና ተከፍቷል፤ ሐኪሙም አሁን ደግማ ከረገጠችበት ጣቷን እስከ መቁረጥ ሊያደርስ እንደሚችል ነገረኝ።

‹‹ሞተሩ የእኔ ነው›› ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ሊብሬው በስምህ ነው። የኋላው ወንበር ባለቤት ግን እሷ ናት። የዚያኑ ዕለት ያንተን ዕቃ ሁሉ ፈትቼ የድሮውን መልሻለሁ። ብትናደድ ተናደድ፤ እኩል እንሆናለን።

‹‹ፎቶውስ?›› አትለኝም? በስልክ ‹‹ፎቶ ላኩልኝ›› ስትል ሰምታህ ‹‹ልቡ ይሰበራል፣ ለፎቶው ብቻ መልሺለት›› ብላ ለመነችኝ። መሪውንና ማርሚታውን እንደ ነገሩ መልሼ፣ ወንበርህን ያለ ብሎን ከላይ አስቀመጥኩት። እየተንሸራተተ ሲያስቸግር፣ እሷ ከጎማው ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በእጇ ደግፋ ያዘችልህ። አንተም ‹‹እንዴት ግርማ አለው!›› ብለህ ጻፍክ።

አሁን ደግሞ ‹‹የልጄን ስጦታ አስነቅዬ አልቀመጥም›› ብላ እምቢ አለች። ነርሷ ቤት ድረስ እየመጣች ነው፤ የምትመጣው ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። እኔን እንደሆነ አትሰማም። ይህ ወረቀት በደረሰህ ሰዓት ደውልላትና ‹‹የድሮውን ወንበር ያስመለስኩት እኔ ነኝ፣ ተቀመጪ›› በላት። ዋሽ፤ ለዚህ እግዜሩም ይቅር ይልሃል።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ስለ ደብዳቤው አመስግንልኝ። እናታችን ሰላም ብላሃለች፣ ‹‹ወንበሩ በጣም ተመችቶኛል ብለሽ ጻፊ›› ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። መንታዎቹን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ፎቶውን አሳየኋቸው ብለኸኝ ነበር፤ ደግመህ አሳያቸውና ከወንበሩ ሥር ብቅ ያሉት አራት ጣቶች የአያታቸው መሆናቸውን ንገራቸው።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን